ጋጋኖ ፎቶ ሲነሣ

ሰው በልጁ ይኮራል፣ በርስቱ ይኮራል፣ በፈረሱ የሚኮራም ሞልቷል። እኔ የምኮራው በወፍ ነው። ወፉን አላረባሁትም፣ አላለመድኩትም፣ አንዲት ፍሬ እህል እንኳ ጥዬለት አላውቅም። እንዲያውም እሱ ነው በእኔ ላይ የጣለው፤ ያውም ባርኔጣዬ ላይ፤ ያውም በሳሙናም በአመድም አልለቅ ያለ ነገር። ቢሆንም እኮራበታለሁ። በባሌ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ገደል መሀል ተንጠልጥሎ፣ ጋጋኖን ከነጎጆው ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ ያነሣ የመጀመሪያው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እስካሁን አልመጣም። ቢመጣም ሁለተኛ ነው።

ጋጋኖን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ የምታውቁት ደግሞ ጆሯችሁን ይዛችሁ ጠብቁኝ። ቁመቱ ከአውራ ዶሮ ከፍ ይላል። መንቁሩ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ላባው ከሩቅ ሲያዩት ያረረ ቡና ይመስላል። ከጉሮሮው ሥር አንዲት ጣት የምታህል ቁራጭ ሥጋ ተንጠልጥላ፣ በተራመደ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ትላለች። እርጥብ ሜዳ ላይ በመንጋ እየዞረ ትል ሲለቅም ላየው ሰው ጨዋ ነው። ሲበር ግን ጉድ ነው! "ሃ! ሃ! ሃ!" ብሎ አንዱ ሲጀምር አርባው ይቀበላል። ያኔ፣ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ጋጋኖዎቹ ጧት ጧት ከቶጎና ወንዝ ገደል ተነሥተው በከተማው ላይ እየጮኹ ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር። ከጎባ ሰው ግማሹ ሰዓት አልነበረውም፤ ጋጋኖ ነበረው።

የሮቤ ሰዎች ኋላ ይህ ወፍ ስሙ ሲገን "የሚበላው የእኛን ሜዳ ትል ስለሆነ የእኛ ነው" ብለው ነበር። ምሳ የበላበት ቤት ሁሉ የሰው አገሩ ከሆነማ እኔ የስንት ቤት ተወላጅ ነኝ! ወልዶ ያሳደገው የጎባ ገደል ነው። ይህችን ካስያዝኩ በኋላ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ነገሩ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ነገር ሁሉ በደብዳቤ ይጀመርና መዝገብ ቤት ገብቶ ያርፍ ነበር። አንድ የባሕር ማዶ የወፍ ሊቅ በእንግሊዝኛ ጽፎ ላከ። ሰውየው ገደል ላይ ተሰብስበው ጎጆ ስለሚሠሩ ወፎች መጽሐፍ እያዘጋጀ ኖሯል። "ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም" ይላል ደብዳቤው። "በጎባ አቅራቢያ ገደል ላይ እንደሚፈለፍል ሰምቻለሁ። የጎጆውን ፎቶግራፍ የሚልክልኝ ሰው ቢገኝ ውለታውን አልረሳም።"

ደብዳቤው ቢሮ ለቢሮ ሁለት ወር ዞረ። አንዱ ክፍል "ወፉ የሚታረስ ባለመሆኑ እኛን አይመለከትም" ብሎ ጻፈበት። ሌላው "ወፉ እስካሁን የተከሰሰበት ወንጀል ስለሌለ" ብሎ መለሰው። ሦስተኛው ትንሽ ጠለቅ አለና "ወፉ የሰፈረበት ገደል የማን ርስት እንደሆነ ተጣርቶ ይገለጽልን" አለ። በመጨረሻ ኅዳጉ ሁሉ በፊርማ ተሞልቶ መጻፊያ ቦታ ሲጠፋ፣ "ከመዝገብ ይያያዝ" ተብሎ እኔ ዘንድ መጣ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሸዋንግዛው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ክራቫታቸውን እሑድም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛውን እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው።

"በል እሰረው" አሉኝ። "ማን ገደል ገብቶ ወፍ ያነሣል?"

ዝም ብል ምን ነበረበት? ክሩን አምጥቼ ደብዳቤውን ማሰር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን "ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም" የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በልጅነቴ ስንት ድንጋይ የወረወርኩበት ወፍ! ሌላው ዓለም እኮ ድንጋይ ሊወረውርበት ቢፈልግ እንኳ አያገኘውም። ደረቴ ነፋ አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፦

"እኔ አነሣዋለሁ!" አልኩ።

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አወለቁ። "አንተ? ወንበር ላይ ወጥተህ የላይኛውን መደርደሪያ መንካት የምትፈራው?"

"ካሜራ አለኝ" አልኩ፤ ካሜራ ክንፍ የሚያበቅል ይመስል።

ካሜራዬ እውነት ነበረች። ጊኒር ለሥራ ሄጄ ከአንድ ባለሱቅ በሁለት ሙክት የለወጥኳት ጥቁር ሳጥን ናት። ባለቤቴ አስካለ ሙክቶቹን እስከ ዛሬ አልረሳቻቸውም፤ በበዓል ቀን ስማቸውን ትጠራለች። ካሜራዋ በአንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ፎቶ ታነሣለች። አንድ ካነሡ በኋላ ከጎኗ ያለችውን ማዞሪያ ማዞር ነው፤ ከጀርባዋ ባለች ቀይ መስኮት የሚቀጥለው ቁጥር ብቅ ይላል። ሳያዞሩ ደግመው ካነሡ ግን ሁለቱ ሥዕል አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ይወጣል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ማወቅና ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ችግሩ ፊልሙ ነበር። ጎባ ፊልም አይሸጥም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ተለምኖ ነው። በእጄ የነበረው አንድ ጥቅል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለሴት ልጄ ክርስትና ተብሎ የተቀመጠ ነው። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለአስካለ ስነግራት ልጅቷን ታጥብ ነበር።

"እና ስምንቱንም ለወፍ አድርገህ እኔ ክርስትናውን ለዘመድ በአፌ ልንገራቸው?" አለች። "'ነጭ ለብሳ ነበር፣ ታምር ነበር' እያልኩ?"

"አስኩዬ፣ ወፉ እኮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም።"

"ልጄስ ሌላ የት ትገኛለች?"

ለዚህ መልስ ያለው የወፍ ሊቅ ካለ ይምጣ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን፤ ስምምነቱን የተናገረችው ግን እሷ ብቻ ናት። "ሰባቱን እንዳሻህ። ስምንተኛዋ የልጄ ናት። ጋጋኖው አክሊል ደፍቶ ቢመጣ እንኳ እንዳትነካት!" እኔም በልጄ ራስ ማልኩ።

ሰባት ይበቃኛል ብዬ ሳልጨርስ፣ አቶ ሸዋንግዛው በማግስቱ ጧት ከቢሮው ደጃፍ ወንበር አስወጥተው ጠበቁኝ። ካፖርታቸውን ደርበዋል፤ ጫማቸው ይብለጨለጫል።

"ደብዳቤው የሚወጣው ከእኔ ክፍል ነው" አሉ። "ስለዚህ ከወፉ ጋር የክፍሉ ኃላፊ ፎቶ አብሮ ቢላክ ደንብ ነው።"

አለቃ ሲለግም ያየ እንጂ አለቃ ፎቶ ሲፈልግ እምቢ ያለ ጸሐፊ አላየሁም። ተቀመጡ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ ሳይተነፍሱ ቆዩ። አነሣኋቸው። "ወጣሁ?" አሉ። "ወጥተዋል ጌታዬ!" አልኩና ካሜራዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ሌላ ኃላፊ ሳይመጣብኝ በሩጫ ተነሣሁ። በዚያ ጥድፊያ ማዞሪያዋን አላዞርኩም። ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

የቶጎናን ገደል የሚያውቅ ሰው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የሰጠኝ አንድ ስም ነው፤ ኦቦ ከድር። ከገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በየዓመቱ በመጫኛ ገመድ ታስረው ገደሉ ውስጥ እየወረዱ የዱር ማር ይቆርጣሉ። ከደጃቸው ደርሼ "አካም ቡልተኒ?" ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታውን አዳርሰን ስናበቃ ወደ ካሜራዬ አዩ።

"ገደሉ ውስጥ ምን ጠፋብህ ልጄ?"

"ምንም አልጠፋብኝም ኦቦ ከድር። ጋጋኖ ፎቶ ላነሣ ነው።"

"የሰው ፎቶ አልቆ ነው?"

ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። ይህ ወፍ ከእኛ አገር በቀር በዓለም ላይ እንደሌለ ስናገር ፊታቸው ተለወጠ።

"ሌላ አገር የለም? መካም የለም?"

"የለም።"

"እንግሊዞቹም ጋ?"

"የትም የለም።"

ኦቦ ከድር ተነሥተው ወደ ገደሉ አዩ። በዚያው ሰዓት ከታች "ሃ! ሃ! ሃ!" የሚለው ጩኸት ፈነዳ። "ያ ረቢ!" አሉ። "እኔ እኮ እስከ ዛሬ የታገሥኳቸው አገር ሁሉ እንዲህ የሚጮህበት መስሎኝ ነው!"

መጀመሪያ ገደል መግባት አላማረኝም። ኦቦ ከድርን "ከዚሁ ከሜዳው ባነሣቸውስ?" አልኳቸው። "ሰው ይሸሻሉ፤ ከብት ግን አይሸሹም" አሉኝ። ከብት መሆን ስለማልችል ቢያንስ ሣር ልሁን ብዬ፣ እርጥብ ሣርና የአስታ ቅጠል በጀርባዬና በራሴ ላይ አስሬ ሜዳው ላይ በሆዴ ተኛሁ። የባሌን ብርድ ለምታውቁ የዚያን ጧት መሬት አልነግራችሁም። ሆዴ ሲደነዝዝ፣ ጋጋኖዎቹ እያረፉ እያረፉ መጡ። ሃያ ያህል ናቸው። አንዱ ቀና ብሎ ጉብታ ላይ ወጥቶ ቆመ። እስትንፋሴን ይዤ ቁልፏን ተጫንኩ። ማዞሪያዋንም፣ አሁን ትዝ ብሎኝ፣ አዞርኩ። ድል በድል ሆንኩ!

ወዲያው አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። የኦቦ ከድር ላም ናት። እርጥብ ሣር አይታ መጥታ ከራሴ ላይ ጀምራለች። "ሂጂ!" ብላት ወፉ ይበራል፤ ዝም ብላት እርቃኔን ልቀር ነው። ቀስ ብዬ ዞሬ በክርኔ ልገፋት ስል ጣቴ ቁልፏን ነካ። ካሜራዬም ሁለተኛውን ፎቶ ለላሟ አፍንጫ ሰጠች። ከዚያ በኋላማ መንጋው ተነሥቶ በላዬ ላይ ሲያልፍ፣ ያለኝን ሦስተኛ ወደ ሰማይ ተኮስኩ፤ እነሱም በአጸፋው ባርኔጣዬ ላይ ተኮሱ። ያነጣጠሩት እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ኦቦ ከድር አጥሩን ተደግፈው ያዩ ነበር። ሣሩን ከጀርባዬ እየነቀሉልኝ "የፈለግኸው ጎጆውን አይደል?" አሉ። "ጎጆው ታች ነው። ሰውም ታች መውረድ ነው ያለበት።"

ከአፋፉ ቀጥ ብሎ ወደሚወርደው ዐለት ወሰዱኝ። መጫኛውን በወገቤና በሁለቱ ጭኖቼ መሀል አሰሩልኝ፤ ሌላውን ጫፍ ሁለት ጊዜ በአንድ ወፍራም ጥድ ግንድ ዙሪያ ጠመጠሙት። "ስትጨርስ ወደ ላይ አትመለስም" አሉኝ። "ወደ ታች እለቅህና በወንዙ ዳር ዞረህ ትመጣለህ።"

"ወደ ታች የምለቀቀው በገመዱ ነው ወይስ በራሴ?"

"በገመዱ ነው። ስማኝ፤ ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ። አንተ አትያዝ። አንተ ካሜራህን ያዝ።"

ቀላል ትእዛዝ ናት። በጠፍጣፋ መሬት ላይ አንድም የሚያስቸግር ነገር የላትም። እግሬ ከአፋፉ ሲለቅ ግን ሁለት እጆቼ ሳይጠይቁኝ ሄደው ገመዱን ጨመደዱት። ዓይኔም በራሱ ፈቃድ ተከደነ። ከዚያ ጋጋኖዎቹ አዩኝ። ሰማይ የተቀደደ መሰለኝ! ከየቁጥቋጦው፣ ከየስንጥቁ ወጥተው በዙሪያዬ እየዞሩ "ሃ! ሃ! ሃ!" አሉብኝ። ሰው ሲስቅብኝ አውቃለሁ፤ አርባ ወፍ ከብቦ ሲስቅብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

"ደረስክ!" አሉ ኦቦ ከድር ከላይ። "ጎጆው በስተቀኝህ ነው። አንሣ!"

"እሺ!" አልኩ፤ ዓይኔን አልገለጥኩም።

"ገመዱን ልቀቀውና አንሣ!"

"ልልቀቀው?"

"ጋዲ ለኪሲ! ልቀቅ እኮ ነው የምልህ! የያዝኩህ እኔ ነኝ!"

"እርስዎም ይያዙኝ፤ እኔም ልያዝ!"

እንዲህ ስንከራከር ገመዱ ይዞኝ እንደ እንዝርት መዞር ጀመረ። አንዴ ዐለቱ ፊት ለፊቴ ይመጣል፣ አንዴ ባዶው ሰማይ። ቅዱስ ገብርኤልን ጠርቼ አንድ እጄን ለቀቅኩ። ዐለቱ ሲመጣ ብዬ የጫንኩት ሰማዩ ሲመጣ ሆነ። አዞርኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ያነሣሁት የገዛ ጉልበቴን ነው። አምስት ፎቶ አልቋል፤ አንድም እንቁላል አላየሁም። ያኔ ተናደድኩ። በወፎቹ ሳይሆን በራሴ። አቶ ሸዋንግዛው ስለ መደርደሪያው የተናገሩት ትዝ አለኝና፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ሁለቱንም እጄን ለቀቅኩ።

አልወደቅኩም። ኦቦ ከድር በእርግጥም ይዘውኝ ኖሯል።

እግሬን ዘርግቼ ዐለቷ ላይ ባለች ጠባብ እርከን ረገጥኩ። መዞሩ ቆመ። አራት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከስንጥቁ በበቀለ ቁጥቋጦ ላይ፣ ከጭራሮና ከሣር የተሠራ ጎጆ አለ። ውስጡ ሁለት እንቁላሎች። ነጭ ናቸው ልል ነበር፤ ነገር ግን ጭቃ የነካው ነጭ ናቸው። እንዲህ ያለ ገደል ላይ፣ እንዲህ ካለ ነፋስ ጋር፣ ሁለት እንቁላል ሳይንከባለሉ መቀመጣቸው ራሱ ተአምር ነው። ቀስ ብዬ አነሣሁ። አዞርኩ።

ዝም ብዬ ቆየሁ። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ ወፎቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ መጡ። እናቲቱም መጣች። ከጎጆው ጠርዝ ላይ አርፋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ከሩቅ ያረረ ቡና የሚመስለው ላባዋ በቅርብ አረንጓዴና ሐምራዊ ያብለጨልጫል። የጉሮሮዋ ቁራጭ ሥጋ ትንቀጠቀጣለች። ፈርታለች፤ ግን አልሄደችም። እኔም ፈርቻለሁ፤ እኔም አልሄድኩም። ሰባተኛዋን አነሣኋትና አዞርኩ። በቀይዋ መስኮት ስምንት ቁጥር ብቅ አለ።

ያን ጊዜ ነው እናቲቱ ክንፎቿን ግራና ቀኝ የዘረጋችው። በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ሁሉ ተገለጠ፤ ፀሐይም ከደመናው ወጥታ አረፈችባት። አንገቷን ወደ እንቁላሎቹ ደፋች። የወፍ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ ቢለምን የማያገኘው ነገር ነው። ጣቴ ቁልፏ ላይ ነበር። አክሊል መድፋት ብቻ ነው የቀራት።

ጣቴን አነሣሁ። ካሜራዬን ወደ ኋላዬ አዙሬ በዓይኔ ብቻ አየኋት። እስከ ዛሬ አያታለሁ።

"ጨረስኩ!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ስለተለወጠ ኦቦ ከድር "ተነደፍክ?" አሉኝ።

መውረዱ መልካም ነበር፤ ገመዱ እስኪያልቅ ድረስ። ከወንዙ በላይ አንድ የሰው ቁመት ሲቀረኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "አለቀ!" አሉ ከላይ። "ፍታውና ዝለል! ውኃው ጥልቅ አይደለም!" ውኃው ጥልቅ አለመሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የምዘለው እኔ ነኝ። ካሜራዬን በአንድ እጄ ከራሴ በላይ አንሥቼ፣ በሌላው ቋጠሮውን ፈታሁት። ቶጎና እስከ ደረቴ ተቀበለኝ። ብርዱ ስሜን አስረሳኝ። ያቺን እጄን ግን አላወረድኳትም። ከውኃው በላይ አንድ ራስ፣ አንድ እጅና አንድ ጥቁር ሳጥን ብቻ ቆመው ላየ ሰው ሐውልት ይመስሉ ነበር።

ጎባ የገባሁት ሣር ከአንገቴ፣ ጭቃ ከጉልበቴ፣ ያ ነገር ከባርኔጣዬ ሳይለቅ፣ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ነው። አስካለ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ተርፈሃል?" አላለችም። "ምን ሆንክ?" አላለችም።

"ስምንተኛዋስ?" አለች።

ካሜራዬን ዞር አድርጌ ቀይዋን መስኮት አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቁጥሯን አየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ግባ፤ ትሞታለህ በብርድ" አለችና ጋቢውን ራሷ ደረበችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙክቶቹ አልተነሡም።

ልጄም ክርስትና ተነሣች፤ ፎቶም ተነሣች። ፊልሙ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ታጥቦ፣ በፖስታ ታሽጎ ሲመለስ ወር አልፎታል። ፖስታውን መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በአቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ከፈትኩት። መቼም መኩራት ሲመጣ ማስተዋል ይሄዳል፤ ብቻዬን ልክፈተው አላልኩም።

መጀመሪያ የወጣው የአቶ ሸዋንግዛው ፎቶ ነው። ካፖርታቸው አለ። አገጫቸው ቀና እንዳለ ነው። በራሳቸው ላይ፣ ልክ መሀል አናታቸው ላይ፣ አንድ ጋጋኖ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ጉንጩን ነፍቶ ጣሪያ ያይ ነበር። አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አጥልቀው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔ በልቤ ዝውውሬን ወደ የትኛው ወረዳ እንደሚያደርጉት እያሰላሁ ነበር።

"ይህ ወፍ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም አላልክም?"

"አዎ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ከቆመ አይቀር ደኅና ቦታ ነው የቆመው።" ፎቶውን አንሥተው ከመሳቢያቸው ከተቱና ቆለፉበት። ያኔ ነው ቢሮው በሳቅ የፈረሰው። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የላሟ አፍንጫ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰማዩም ጉልበቴም ወጥተዋል። ስድስተኛው ላይ እንቁላሎቹ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሰባተኛው ላይ ግን፣ ወዳጆቼ፣ እናቲቱ ከነዓይኗ፣ ከነጉሮሮዋ ቁራጭ ሥጋ፣ ጎጆዋ ጠርዝ ላይ ቆማለች! ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደብዳቤው ላይ "አይመለከተንም" ብለው የፈረሙት ሳይቀሩ ሊያዩት መጡ። ስምንተኛው ላይ ልጄ በክርስትና እናቷ እቅፍ ውስጥ አፏን ከጆሮ እስከ ጆሮ ከፍታ ታለቅሳለች። ጎረቤታችን ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ "ከሁለቱ ጋጋኖው የቱ ነው?" ብትል አስካለ ዓመት ሙሉ አኮረፈቻት።

ሰባተኛውን ከመላኬ በፊት ለኦቦ ከድር ላሳያቸው ወሰድኩት። በሁለት እጃቸው ይዘው ብርሃን ላይ አዩት። "እሷ ናት" አሉ። "ስንት ዓመት በአጠገቧ ወርጃለሁ፤ ማሩን እንጂ እሷን አይቼ አላውቅም ኖሯል።" ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። "እዚህ የተጻፈው ምን ይላል?"

በእንግሊዝኛ፣ በተቻለኝ መጠን አሳምሬ፣ የወፉን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ከዚያም "ፎቶግራፍ አንሺ" ብዬ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ከነሥራ ማዕረጌ ጽፌ ነበር። አነበብኩላቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ። ፎቶውን መለሱልኝ።

እኔ ግን አፈርኩ። ከእሳቸው ደጃፍ ሳልርቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ስሜ ከነዘር ማንዘሩ የታችኛውን ቦታ ሁሉ ስለያዘው፣ ከላይ ፎቶግራፍ አንሺ ከሚለው ቃል አጠገብ በተረፈችው ጠባብ ቦታ "አቶ ከድር" ብዬ ጻፍኩ፤ "ገመድ ያዥ" የሚለውን ደግሞ ከስሜ ጎን በቀረችው ጥግ ላይ አጣብቄ አስገባሁት። ላክሁት።

መልሱ የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ባለ ወፍራም ወረቀት፣ ባለ ማኅተም። ሳልከፍት ይዤው ወደ አፋፉ ሄድኩ። ከኦቦ ከድር ጋር ካልሆነ መክፈት ተገቢ አልመሰለኝም። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ከፈትኩት፤ በልቤ አንዴ አነበብኩት፤ ደገምኩት።

"ምነው? ምን ይላል?" አሉ።

ኦቦ ከድር እንግሊዝኛ አያውቁም። ሁለት ስም ባገላብጥ ከሰማይ በታች የሚያየኝ አልነበረም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላገላብጥ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አልሆነልኝም። እንዳለ ተረጎምኩላቸው፦

"ለተከበሩ አቶ ከድር። የላኩልኝ ፎቶግራፍ በመጽሐፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ገደል ላይ ተንጠልጥለው እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት የበቃውን ድፍረትዎንና የእጅዎን መርጋት አደንቃለሁ። ገመዱን በታማኝነት ለያዘልዎት ለረዳትዎ፣ ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም፣ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።"

የኦቦ ከድር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪፈታ፣ እንባቸው እስኪፈስ፣ አጥሩን ይዘው ሳቁ። እኔም ላኮርፍ ብሞክር አልቻልኩም፤ ሳቅሁ።

"ሰውየው ተሳስቷል፤ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ" አልኩ ስንረጋጋ።

"ኧረ አትጻፍ ልጄ!" አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ምኑ ነው ስሕተቱ? ገመድ እንደ አንተ አድርጎ የያዘ ሰው እኔ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።"